የጎንደር ግንብ እኛን ምን አገባን?



በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ ጀመዓችን ሦስት ነገር ያሳያቸዋል። አንደኛ መስጂዱን፣ ሁለተኛ የሙስሊም ምግብ ቤት የት እንዳለ፣ ሦስተኛ ፈተና ሲደርስ ሌሊት ተሰብስቦ የሚጠናበትን ቦታ። ይህ ትልቅ የኸይር ሥራ ነው። እኔም ከአርሲ ዲክሲስ ጓዜን በማዳበሪያ አስሬ ስመጣ የተቀበሉኝ ወንድሞች ባይኖሩ ኖሮ የመጀመሪያውን ሳምንት በቀላሉ አልዘልቀውም ነበር። አላህ ይመንዳቸው። በዚህ ዝርዝር ላይ ግን አራተኛ ቦታ ብንጨምር የሚል ሐሳብ አለኝ። እሱም የፋሲል ግቢ ነው።

ሐሳቡን ለዶርም ጓደኞቼ ሳነሣ ሁለት መልስ አገኘሁ። አንዱ «የነገሥታት ቤት ነው፤ እኛን ምን አገባን? ጊዜህን ለፈተና አውለው» አለኝ። ሌላው ታሪክ የሚያነብ ልጅ ነውና ጠንከር አድርጎ «ሙስሊሞችን ከከተማው አስወጥተው ወንዝ ዳር ያሰፈሩ ሰዎች ቤት ሄጄ ፎቶ ልነሣ?» አለ። ሁለቱም የቀልድ ጥያቄዎች አይደሉም። ስለዚህ ዶርም ውስጥ ከመከራከር ሁላችንም በምናነበው በዚህ ጋዜጣችን ልመልስ ብዬ ብዕር አነሣሁ።

እኔ የመጣሁት ግንብ ከሌለበት አገር ነው። ዲክሲስ ደጋ ናት፤ ኑሯችን ስንዴና ገብስ ነው። ቤታችን ከእንጨትና ከጭቃ ይሠራል፤ ክዳኑ ድሮ ሣር ነበር፣ ዛሬ ቆርቆሮ ሆኗል። ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ መድረሳ እየተማርኩ አደግኩ። የፋሲልን ግንብ የማውቀው የቴምብር ያህል ከሆነች የመማሪያ መጽሐፍ ፎቶ ነበር። ሲቪል ምህንድስና ደርሶኝ ጎንደር ስመደብ ያች ፎቶ በባጃጅ የምደርስበት ቦታ ሆነች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ሄድኩ። መጀመሪያ ወደ ውስጥ አልገባሁም፤ በውጭ በኩል አጥሩን ተከትዬ ዞርኩ። አጥሩ 900 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ከዚያ ትኬት ቆርጬ ገባሁ። በአንድ ግቢ ውስጥ የፋሲል፣ የዮሐንስ፣ የኢያሱ፣ የዳዊት፣ የበካፋና የምንትዋብ ሕንፃዎች ቆመዋል። ፋሲል ከተማዋን የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1636 ነው ይባላል፤ ከእሱ በኋላ የመጡትም የራሳቸውን እየጨመሩ ሄደዋል። ዩኔስኮ ግቢውን እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

የፋሲል ሕንፃ ፊት ለፊት ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። በአራቱ ማዕዘን ክብ ማማዎች አሉ፤ ራሳቸው ላይ ጉልላት ደፍተዋል። ከእነሱ በላይ ደግሞ አንድ አራት ማዕዘን ማማ ከፍ ብሎ ይታያል። ግድግዳው ጠቆር ያለ ድንጋይ ሲሆን የበሩና የመስኮቱ ቅስት ዙሪያ በቀላ ድንጋይ ተከቧል። እኛ ክፍል ውስጥ የምንሠራው ስሌት አብዛኛው ፌሮና አርማታ አለ ብሎ ይነሣል። ይህ ሕንፃ ሲሠራ ግን አንድ ፌሮ አልገባበትም። ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲጎትቱት ይሰነጠቃል፤ ግንበኞቹ ይህን ስለሚያውቁ በየክፍተቱ ላይ ቅስት አደረጉ። ቅስቱ ክብደቱን ወደ ጎንና ወደ ታች እያሻገረ ለወፍራሙ ግድግዳ ያስረክባል። መምህራችን በሰሌዳ ላይ ሁለት ሰዓት የፈጀበትን ነገር እዚያ በር ሥር ቆሞ ቀና ብሎ ማየት በቂ ነው።

ሁለተኛው ነገር ኖራው ነው። የኖራ ድንጋይ በኃይለኛ እሳት ይቃጠላል፤ ውሃ ሲጨመርበት ይፈላል፤ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በድንጋዮቹ መካከል ይገባል። ከዚያ በኋላ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ እያለ ዳግም ወደ ድንጋይነት ይመለሳል። ከሲሚንቶ ለስላሳ ስለሆነ መሬት ሲንቀሳቀስ የሚሰነጠቀው መጋጠሚያው እንጂ ድንጋዩ አይደለም፤ መጋጠሚያ ደግሞ ይጠገናል። እርጥበትንም ያስወጣል። በአሮጌ ግንብ ላይ ሲሚንቶ ከተለጠፈ ግን እርጥበቱ ውስጥ ይታፈንና ድንጋዩን ይልጠዋል። እንዲህ ያለ ሕንፃ የሚጠግን ሰው ጠንካራውን ሳይሆን የሚስማማውን መምረጥ አለበት።

ይህን ሁሉ ሳይ «ማን አስተማራቸው?» የሚል ጥያቄ መጣብኝ። ብዙ ሰው «ፖርቱጋሎች ሠሩት» ይላል። ነገር ግን ፋሲል የካቶሊክ ሚስዮናውያንን ያባረረው ጎንደርን ከመመሥረቱ በፊት ነው። ጀመዓችን ማወቅ ያለበት አንድ ምስክር ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ1648 አል-ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ የተባለ ሰው የየመን ኢማም መልእክተኛ ሆኖ ፋሲል ዘንድ መጥቶ ነበር። የጉዞውን ታሪክ በዐረብኛ ጽፎ ትቶልናል። በድንጋይና በኖራ የተሠራውን ቤተ መንግሥት አይቶ ተደንቋል፤ የሠራውም ሕንዳዊ እንደሆነ፣ አሠራሩም የዚያን አገር መንገድ እንደሚመስል መዝግቧል። ከተማዋ ከተቆረቆረች ገና አሥራ ሁለት ዓመት ያህሏ ነበር፤ ስለዚህ የጻፈው ስለ ትኩስ ሥራ ነው።

ሕንዳዊው ሙስሊም ነበር ብዬ ላስጨበጭብ አልፈልግም፤ ነጥቤም እሱ አይደለም። ነጥቤ ይህ ነው፤ ስለዚህ ክርስቲያናዊ ቤተ መንግሥት ካሉን ቀደምት ምስክሮች አንዱ ሙስሊም ነው፤ ቋንቋው መድረሳ የተማርንበት ቋንቋ ነው፤ የግንባታው ዕውቀትም ባሕር ተሻግሮ መጥቶ የዚህ አገር ሰው እጅ ላይ አድሯል። ድንጋዩን የፈለጡት፣ ኖራውን ያቃጠሉት፣ በጀርባቸው የተሸከሙት የዚሁ አካባቢ ሰዎች ናቸው። ስማቸው በሰሌዳ ላይ አልተጻፈም። «የነገሥታት ቤት ነው» ላለኝ ጓደኛዬ መልሴ ይኸው ነው፦ ነገሥታቱ ኖሩበት፤ የሠሩት ግን ሌሎች ናቸው፤ እኛም ነገ ምሩቅ ስንሆን ከሠሪዎቹ ወገን ነን።

የሁለተኛው ጓደኛዬ ጥያቄ የበለጠ ከባድ ነው፤ እውነትም አለው። እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን በጎንደር ጉባኤ ተደርጎ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። ቤተ እስራኤሎችም እንዲሁ ተለይተው እንዲኖሩ ታዘዙ። ሙስሊሞቹ ከቀሃ ወንዝ ወገን ወደ ታች ወረዱ፤ ሰፈሩ እስላም ቤት ተባለ፤ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ነው። ርስት ስለማይፈቀድላቸው ኑሯቸው በንግድና በሽመና ላይ ቆመ። ይህን ማለዘብ አይገባም፤ ሆነም ተጽፏልም።

ነገር ግን ታሪኩን እዚህ ላይ ካቆምነው አዲስ ዓለምን የተባረረ ሰው ሰፈር ብቻ እናደርጋታለን። ወደ ምጽዋና ወደ ሰናር የሚወስዱት የቅፍለት መንገዶች በአብዛኛው በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ ነበሩ። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይወጣል፤ ሐርና ሌላም የውጭ ዕቃ ይገባል። ሰውም በባርነት ይሸጥ ነበር፤ ይህንም መደበቅ አይገባም። የኢያሱ ቤተ መንግሥት ውስጡ በመስተዋትና በዝሆን ጥርስ ያጌጠ ነበር ሲባል ትሰማላችሁ። ያ ጌጥ በራሱ አልመጣም፤ በግመልና በበቅሎ ጀርባ የመጣ ነው፤ ከበቅሎዎቹ ኋላ የሚሄዱት ደግሞ ብዙዎቹ ከእስላም ቤት የተነሡ ሰዎች ነበሩ።

ኢያሱ ራሱ ሐኪም በፈለገ ጊዜ ወደ ካይሮ የላከው ሐጂ ዓሊ የተባለ ሙስሊም ነጋዴ ነበር። ሐጂ ዓሊም ፖንሴ የተባለውን ፈረንሳዊ ሐኪም ይዞ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1699 ጎንደር አደረሰው። ከሰባ ዓመት በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ደግሞ የዚያ ሰፈር ሙስሊሞች ብርቱ ሠራተኞች እንደሆኑ፣ ንጉሡና መኳንንቱ ሲዘምቱ ጓዙንና ድንኳኑን የሚይዙት እነሱ እንደነበሩ ጽፏል። እንግዲህ አስቡት፤ ሌሊት ሠፈር ውስጥ አብሮ እንዲያድር ያልተፈቀደለት ሰው ንጉሡ የሚያድርበትን ድንኳን ይተክል ነበር።

አንድ ጁሙዓ አዲስ ዓለም ወርጄ ሰገድኩ። ከሶላት በኋላ አንድ አዛውንት አጠገቤ ተቀምጠው ነበርና ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። አርሲ ስላቸው «ሩቅ ነው፤ እንኳን ደህና መጣህ ልጄ» ብለው መረቁኝ። ስለ ሰፈሩ አሮጌ ቤቶች ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «እዚህ ያለው ቤት ሁሉ ስንት ጊዜ ፈርሶ ተሠርቷል። ጭቃ ነዋ! ሰፈሩ ግን አልተነሣም።» ግንብ ያላቸው ሰዎች ከግንቡ ከወጡ ስንት ዘመን ሆነ፤ ግንብ ያልነበራቸው ግን አሁንም እዚያው ቦታቸው ላይ ጁሙዓ ይሰግዳሉ።

ደግሞ ግንቡን ማን አፈረሰው ብለን እንጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ የኢያሱን ቤተ መንግሥት ጎድቶታል። በ1866 አፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን ዘርፈው አቃጠሉ። በ1888 ከሱዳን የመጡት መሐዲስቶች አቃጠሉ። በ1941 ደግሞ ጣሊያኖች ግቢውን ይዘውት ስለነበር የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደበደቡት። ክርስቲያኑም አቃጥሏል፣ ሙስሊሙም አቃጥሏል፣ ተፈጥሮም ነቅንቃለች። በዚያ ግቢ ውስጥ ቆሞ ንጹሕ እጅ ያለን እኛ ብቻ ነን ማለት የሚችል ወገን የለም።

ይህን የምጽፈው ታሪክ ስለምወድ ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በዚችው ከተማ በአንድ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ሙስሊሞች ተገድለዋል። ወላጆቻችን አልረሱትም። ጎንደር ደረሰኝ ስል እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ትምህርቱ አልነበረም። አሁንም ስልክ ስትደውል የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ነገያ?» ነው፤ ሰላም ነው ወይ ማለቷ ነው። ብዙዎቻችን ያን ፍርሃት ይዘን ስለምንመጣ ከጊቢ ወደ መስጂድ፣ ከመስጂድ ወደ ጊቢ ብቻ እንመላለሳለን። ዓመታት በዚህ ያልፋሉ፤ ከተማዋንም ሳናውቃት ተመርቀን እንሄዳለን። ጥንቃቄው አስፈላጊ ነው፤ ጊዜውን አይቶ መውጣትና መግባት ያስፈልጋል። ነገር ግን የማያውቁት ከተማ ሁልጊዜ ያስፈራል፤ ታሪኩን ያወቁት ከተማ ግን ቢያንስ የትኛውን ነገር መፍራት እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ለአንድ ኮርስ የቅስት ልኬት እንድንሠራ ታዝዘን ከአንድ የጎንደር ልጅ ጋር ተመደብኩ። ክርስቲያን ነው፤ ተወልዶ ያደገውም እዚሁ ነው። ሜትሩን እሱ ይይዛል፣ እኔ እመዘግባለሁ። ስንጨርስ ምሳ ልጋብዝህ ብዬ አዲስ ዓለም ወሰድኩት። መንገድ ላይ የ1668ቱን ነገር፣ የሐጂ ዓሊን፣ የድንኳን ተካዮቹን ነገር አወራሁለት። ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና «ከልጅነቴ ጀምሮ በዚህ አልፋለሁ፤ ሰፈሩ ለምን እዚህ እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም» አለ። ከዚያ እሱ ደግሞ አያቱ ስለ ግንቡ የነገሩትን አጫወተኝ። ከምሳው በኋላ የትኛው አቀራረብ ትክክል እንደሆነ ስንከራከር ዋልን፤ የምንከራከረው ግን ስለ ቅስቱ ስሌት ነበር። ስለ አብሮ መኖር ከተሰጠን ስልጠና ሁሉ ያ ግማሽ ቀን የበለጠ ጠቅሞኛል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ፤ ምክንያቱም ግንቡን ማየት ያተረፈልኝ ትልቁ ነገር እዚያ ነው ያለው። በባሌ ድሬ ሼኽ ሁሴን አለ። የአርሲ ሰው ከድሮ ጀምሮ በእግሩ ይሄድበታል። የዚያራው ጉዳይ የዑለማኦች ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ሕንፃው ነው። በኖራ ነጭ ሆኖ የተቀባው ባለ ጉልላት ሕንፃ በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሐረርን ይገዙ ለነበሩት ለአሚር ዓብዱሸኩር ሥራ ይሰጣል። ስለዚህ «እኛ አገር ግንብ የለም» ያልኩት ለዲክሲስ እውነት ቢሆንም ለወገናችን ሁሉ እውነት አይደለም። የጎደለን ግንብ ሳይሆን የሚለካና የሚጽፍ ሰው ነው።

ባለፈው ክረምት አባቴ ደውሎ የመንደራችን አሮጌ መስጂድ ሊፈርስ እንደሆነ ነገረኝ። መዋጮ ተሰብስቧል፤ በብሎኬት ትልቅ መስጂድ ሊሠራ ነው። «እስክመጣ ሁለት ሳምንት ቆዩልኝ» ብዬ ለመንኩ፤ ሽማግሌዎቹም ፈቀዱ። ሜትርና ደብተር ይዤ ገባሁ። ዘጠኝ ሜትር በሰባት ሜትር ነው። አሥራ ሁለት የጥድ ምሰሶ አለው፤ አንድም ሚስማር አልተመታበትም፣ ሁሉም የታሰረ ነው። ቂብላውን በስልኬ ኮምፓስ አየሁት። ጎንደር ላይ ቂብላ ከሰሜን ወደ 14 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ ዲክሲስ ላይ ግን ወደ ሰሜን ቀጥ ያለ ነው ማለት ይቻላል። ኮምፓስ ያልያዙት አባቶቻችን ያቆሙት ግድግዳ ከዚያ የራቀው በሦስት ዲግሪ ብቻ ነበር።

ልስኑን ጫር ሳደርገው ደግሞ ብዙ ንብርብር አገኘሁ። አያቴን ስጠይቃት ሳቀች። በየዓመቱ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ጭቃውን አቡክተው፣ እበት ቀላቅለው፣ ግድግዳውን የሚለስኑት ሴቶች ነበሩ። እሷም ከልጅነቷ ጀምራ ለስናለች። ውስጡ ጠባብ ስለሆነ ግን እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ቀን ሰግዳ አታውቅም። ያን ዕለት በሥዕሉ ጥግ ላይ የምታስታውሳቸውን የለሳኞቹን ስም በሙሉ እየነገረችኝ ጻፍኩ።

መስጂዱ ፈርሷል። አላለቅስለትም፤ አዲሱ ሰፊ ነው፣ ለሴቶችም ቦታ አለው፤ አልሐምዱሊላህ አያቴ አሁን ውስጥ ትሰግዳለች። መስጂድ የሚሠራው ሊሰገድበት እንጂ ሊጎበኝ አይደለም። አሮጌው ግን አሁን በወረቀት ላይ አለ። ባይለካ ኖሮ ከሃምሳ ዓመት በኋላ «የእኛ ሰዎች ምን ሠርተው ያውቃሉ?» ለሚል ልጅ የምናሳየው ነገር አይኖርም ነበር።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ እዚህ ሳላችሁ የፋሲልን ግቢ እዩ፤ በዚያው ሳምንት አዲስ ዓለም ውረዱ። አንዱን ያለ ሌላው አትዩ፤ ሁለቱ የአንድ ከተማ ሁለት ገጽ ናቸው። ጌታችን በምድር ላይ ተጉዘን ከእኛ በፊት የነበሩት ፍጻሜ እንዴት እንደሆነ እንድናስተውል በቁርኣን አዝዞናል፤ ለዚህ ደግሞ ከጊቢያችን የባጃጅ መንገድ ይበቃል።

ሁለተኛው፣ ለእረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ የመንደራችሁን አሮጌ መስጂድ፣ መድረሳ ወይም የደረሳ ቤት መዝግቡ። ምህንድስና መማር አያስፈልግም። ርዝመቱንና ስፋቱን ለኩ፤ ከምን እንደተሠራ ጻፉ፤ በአራቱም በኩል ፎቶ አንሡ፤ የቂብላውን አቅጣጫ ያዙ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማን እንደሠራውና ማን ሲጠግነው እንደኖረ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ጠይቁ። ስም ስሙን ጻፉ። ሥዕሉን ለማውጣት የምትቸገሩ ካላችሁ ልኬቱን አምጡልኝ፤ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ሆነን ኢንሻአላህ እናወጣላችኋለን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።